ላራክ የተዘጋበት መጸው

ኦክቶበር 4፣ ማክሰኞ

አዲስ ደብተር ጀመርኩ። የመንደራችን የኪልዶራን አዳራሽ ኮሚቴ ሥራ ሰጥቶኛል፦ ወደ መንደሩ ሰው በምን ይገባ በምን ይወጣ እንደነበር ጽፌ ለገና ላደርስ፤ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ለምን እኔን እንደመረጡ ግልጽ ነው። የፖስታ አውቶቡሱን ሃያ አንድ ዓመት የነዳሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤና ሰው አንድ ላይ ጭኜ ጠዋት እወጣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። አውቶቡሱ ከቀረ ዘጠኝ ዓመቱ።

ደብተሩን ከፊት የራሴን፣ ከኋላ የመንደሩን እጽፍበታለሁ። የመንደሩ እስካሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የላራክን የተራራ መንገድ የሠሩት በሽታ ድንቹን ባጠፋው ጊዜ የተራቡ ሰዎች ናቸው፤ ደመወዛቸውም የአጃ ዱቄት ነበር።»

ዝናቡ አምስተኛ ቀኑን ያዘ። ባለቤቴ ቶርኪል ደህና ነው። ነገ እጥበት አለው። ኩላሊቱ እምቢ ካለው ሁለት ዓመት ሆነ፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ነን። በላራክ በኩል ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው፤ ደግነቱ።

ኦክቶበር 7፣ ዓርብ

ላራክ ተናደ።

ከሆስፒታል ስንመለስ ኩርባው ላይ አንድ ፖሊስ ፋኖስ እያወዛወዘ አስቆመን። «እማማ፣ መንገድ የለም» አለኝ። መንገዱ ተዘግቷል አላለም፤ መንገድ የለም ነው ያለው። ወርጄ አየሁት። ገሚሱ ተራራ ከነዛፉ፣ ከነአጥሩ ወርዶ መንገዱን ይዞ ገደል ገብቷል። ሰው አልተጎዳም። አንድ በግ ጭቃው ላይ ቆማ ታየናለች።

በሰሜን ዞረን መጣን። መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ቶርኪል ከእጥበት በኋላ እንደተጨመቀ ጨርቅ ነው የሚሆነው፤ መስኮቱን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ቤት ስንደርስ ከጋቢናው ለመውረድ እጄን ያዘ። ድሮ አይዝም ነበር።

«አይዞህ፣ ጥቂት ሳምንት ነው» አልኩት።

«አንቺ ካልሽ» አለ።

ኦክቶበር 10፣ ሰኞ

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ወጣን። አንድ ሰዓት ላይ ደረስን። እጥበቱ አራት ሰዓት ፈጀ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ቤት። ሾርባ አልበላም አለ። ልብስ አጠብኩ። ነዳጅ። ጎማ ይታይ። አልረፈድንም።

ኦክቶበር 12፣ ረቡዕ

ሲስተር ሾና ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ ፖስታ ሰጠችኝ። ሆስፒታሉ አጠገብ ትንሽ ቤት አለ፤ መንገድ ለተቆረጠባቸው ሕመምተኞችና ለቤተሰባቸው፣ በነጻ፣ መንገዱ እስኪከፈት። «ከጋሽ ቶርኪል ጋር ተማከሩበትና ደውሉልኝ፤ ብዙ ቦታ የለንም» አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት።

ፖስታውን የመኪናው በር ኪስ ውስጥ፣ ከካርታዎቹ ሥር አስገባሁት። ቶርኪል አርባ ዓመት ባሕር ላይ የኖረ ሰው ነው። ከተማ ውስጥ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ግድግዳ እያየ ይኖራል? ያብዳል። እንዳልጠይቀው ደግሞ ተኝቶ ነበር።

ኦክቶበር 16፣ እሁድ

ለታሪኩ ብዬ የመንደራችን አንጋፋ ሴት ኤፊ ላሞንት ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ባቡሩን የሚያስታውሱ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል። ቅቤ የተቀባ ትኩስ ቂጣ ሰጡኝና ምድጃው ዳር ተቀመጥን።

እኔ የማውቀውን ነገርኳቸው፦ መጀመሪያ የእንፋሎት መርከቧ፣ ቀጥሎ በ1903 ባቡሩ፣ ባቡሩ በ1966 ሲዘጋ ለመኪና የሰፋው መንገድ፣ መንገዱ ላይ የኔ አውቶቡስ። ኤፊ እስክጨርስ ጠበቁኝና፦

«እያንዳንዱ ሲመጣ ምን እንዳሉን ጽፈሻል? ‹ሰው ያመጣላችኋል› ነው ያሉን። መርከቧ ወደ ካናዳ ወሰደቻቸው። ባቡሩ ወደ ጦርነትና ወደ ፋብሪካ። ጥርጊያ መንገድ በተሠራልን ቁጥር ባዶ ወንበር ነው የሚተርፈን።»

«እና ይህን ልጻፍ?»

«አንቺ ምን ትጽፊያለሽ! የነዳሽው አንቺ!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ስለተሳፈረበት ስለ ባቡሩ የመጨረሻ ጉዞ አጫወቱኝ።

ልወጣ ስል፣ «ቶርኪል ይህን ዙሪያ መንገድ ምን ይለዋል?» አሉኝ።

«አያማርርም።»

«ያንን አልጠየቅሁሽም» አሉ። የሞቀ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ለቶርኪል ሦስቱን ነጠልኩለት፤ አንዱን በላ።

ኦክቶበር 21፣ ዓርብ

ስንመለስ አስመለሰው። ሁለት ጊዜ «አቁሚ» አለኝ፣ አንድ ጊዜ ነው ያቆምኩት። በሁለተኛው ጊዜ መቆሚያ አልነበረም፤ መንገዱ ጠባብ፣ ከኋላዬ እንጨት የጫነ መኪና። ማቆም እችል ነበር። ከፊት ሰፋ ያለ ቦታ ነበረ፤ ካለፍኩት በኋላ ነው ያየሁት። ይመስለኛል።

የአውቶቡሱ ልማድ ነው። ከፌርማታ ውጪ አላቆምም ነበር።

ኦክቶበር 27፣ ሐሙስ

በአዳራሹ ስብሰባ ነበር። ከወረዳው የመጣው መሐንዲስ ቀጭን፣ ጫማው ንጹሕ። ተራራው ገና ይንቀሳቀሳል አለ። ቢፋጠን ለገና አንዱን ጎን ከፍተን በትራፊክ መብራት በተራ እናሳልፋችኋለን፤ ካልሆነ ፀደይ። አንድ ሰው ከኋላ፣ «ለአርባ ቤት ማን ይቸኩላል፣ በለው እንጂ!» አለና ሁሉም አጉረመረመ።

ሙርዶ ከስብሰባው በኋላ ያዘኝ። የቶርኪል የቀድሞ የጀልባ ጓደኛ ነው፤ አሁንም ብቻውን ዓሣ ያወጣል። «ኢሽቤል፣ በኔ ጀልባ ቀጥ ብለን ብንሻገር አርባ ደቂቃ ነው። ማዶ ታክሲ ይጠብቀዋል። ለምን ትሰቃያላችሁ?»

«በዚህ ወር ባሕር? ከነሕመሙ?»

«እሱ እኮ ባሕር ያውቃል።»

«ሙርዶ፣ አመሰግናለሁ፤ እኔ አለሁለት» አልኩት። ቆብ ደፍቶ ሄደ።

ኩባያዎቹን ልሰበስብ ወደ ጓዳው ስሄድ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። «ሰውዬውን በመኪና እያንገላታች ልትጨርሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አፍ አውጥቶ አይናገር።» ስገባ ወሬውን ወደ አንድ የበግ ውሻ አዞሩት። ስለ ማን እንደነበር አልሰማሁም። በዚህ መንደር ወሬ አይጠፋም።

ኖቬምበር 2፣ ረቡዕ

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ስንመለስ ቶርኪል ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ሲስተር ሾና ስለ አንድ ቤት ታወራ ነበር» አለ።

«ያ ቤት ተይዟል» አልኩት።

«ተያዘ?»

«ተይዟል።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። መጥረጊያው እየተንቋቋ ነበር፣ መንገዱ አይታይም ነበር፣ ሐሳቤ መንገዱ ላይ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ።

ኖቬምበር 3፣ ሐሙስ

ደክሞት ነበር። ዛሬ አልነገርኩትም።

ልጃችን ካትሪዮና ከግላስጎ ደወለች። «እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል?» አለች። ጉንፋን ነው አልኳት። ልምጣ አለች፤ መንገድ የለም አልኳት። በሰሜን መዞር እንደሚቻል እሷም ታውቃለች።

ኖቬምበር 9፣ ረቡዕ

ሌላው ሥራ ይቆይ፤ መጀመሪያ ይህን ልጻፍ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር፣ ጠራራ ብርሃን። ከውኃው በላይ ባለው ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ነን። ራዲዮው ስለ ድንች ዋጋ ያወራል፤ የማስታውሰው ያንን ነው። ከዚያ የቶርኪል እጅ መሪው ላይ። የእጥበት ቱቦ የሚገባበት፣ ሸክም የማያነሳበት ክንዱ። በዚያ ክንድ መሪውን ወደ ተራራው ጎን ጎተተው፣ ቦዩ ውስጥ ገባን፣ መኪናው ተንጋደደና ቆመ። በሌላው በኩል ከመንገዱ እስከ ውኃው ምንም የለም። አጥር እንኳ የለም።

እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር። ይኸው ጻፍኩት።

«ተጎዳህ?» አልኩት። «አልተጎዳሁም። አንቺስ?» አለኝ። ከዚያ ትራክተር እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ከክንዱ ልብሱ ላይ ደም ጠብ ጠብ ሲል የሚጠርግበት ጨርቅ ፈልጎ የበሩን ኪስ በረበረ። ካርታዎቹን አወጣ። ፖስታውን አወጣ። ስሙ ተጽፎበታል፤ ከፈተው፣ አነበበው፣ አጠፈው፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቀኑንም ሳያይ አይቀርም፣ ኦክቶበር 12 ይላል።

ካርታዎቹን መልሶ የበሩ ኪስ ውስጥ ደረደራቸው። ባለትራክተሩ ሲስበን፣ «እናንተ ዕድለኞች ናችሁ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ኖቬምበር 10፣ ሐሙስ

ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም፤ እንደተባለው ልጻፈው።

ቁርስ ላይ ቶርኪል ገንፎውን ገፋ አድርጎ፣ «ነገ ጠዋት ሙርዶ ይወስደኛል» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ቤቱ። ትናንት ማታ ለሲስተር ሾና ደወልኩላት። አልተያዘም።»

መሬቱ ይውጠኝ አልል፣ ነገሩ ጓዳዬ ውስጥ ነው፤ ወዴት እሸሻለሁ? ስለዚህ ተቆጣሁ። «ለአንተ ብዬ ነው! ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የምነሳው ለማን ነው? አንድ ቀን አርፍጄብህ አውቃለሁ?»

«አታውቂም» አለ። «ኢሽቤል፣ ስለ ማርፈድ ማን አወራ? አምስት ሰዓት በመኪና መንቀጥቀጥ አልቻልኩም። በእያንዳንዱ ኩርባ ‹እዚህ ላይ ብሞት ደስ ይለኛል› እላለሁ። ትናንት መሪውን ስይዝ እንኳ አንድ አፍታ ‹ተወው› አልኩ። አንቺ አጠገቤ ባትሆኚ እተወው ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ። ‹አይዞህ› አልሽኝ።»

ከተማ ትጠላለህ፣ አልኩት። ግድግዳ እያየህ ትኖራለህ፣ አልኩት። እሱም ድምፁን ሳያነሳ፦

«ከተማ የምትጠዪው አንቺ ነሽ፣ የኔ እመቤት። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የማላውቀው ወደብ እየገባሁ ስተኛ ኖሬያለሁ።»

ካትሪዮና ደወለች፤ ከአባቷ ሰምታለች። «እማዬ፣ አብረሽው ሂጂ» አለች። ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ ዶሮዎቹን ማን ይመግባል፣ ቧንቧው በብርድ ቢፈነዳስ አልኳት። እሷም፣ «እኔን ወደ ግላስጎ ስሄድ ጣቢያ ያደረስሽኝ ቀንም ስለ ቧንቧ ነበር ያወራሽኝ» አለች።

ሻንጣውን አዘጋጀሁለት። ወፍራም ካልሲ፣ መድኃኒቱ፣ የጢም ምላጩ። የኔን ልብስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አየሁና በሩን ዘጋሁት።

ኖቬምበር 11፣ ዓርብ

ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ እንደ ቆርቆሮ። ሙርዶ እጁን ዘረጋለት፤ ቶርኪል ሳይዘው ዘሎ ገባ። በዚህ መጸው ሰውነቱ እንዲያ ሲታዘዝለት አላየሁም። ከኋላ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ፊቱን ለንፋሱ ሰጠ።

«ትመጫለሽ?» አለኝ ከጀልባው ላይ።

«ዶሮዎቹ አሉ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሞተሩ ተነሳ። የመኪናውን ቁልፍ ለምን እንደያዝኩ እንጃ፤ መዳፌ ላይ ምልክቱ ቀርቷል።

ኖቬምበር 14፣ ሰኞ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቃሁ። ለበስኩ። ቦት ጫማዬን አሰርኩ። የምነዳለት ሰው የለም። እስኪነጋ ወንበር ላይ ከነካፖርቴ ተቀመጥኩ።

ደወለ። እጥበቱ ደህና ሆኗል። በእግሩ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ፤ አራት ደቂቃ። ዓሣ ቀቅሎ በልቷል። ለአፍታ ሌላ ሰው የደወለ መሰለኝ።

ኖቬምበር 15፣ ማክሰኞ

የታሪኩን ጽሑፍ ቀጠልኩ። የአውቶቡሱ ዘመን ላይ ደርሻለሁ። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ጥቅል፣ ስንት ሰው ብዬ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። በሻንጣ የወጡትን በስማቸው ማስታወስ ጀመርኩ። በሐሳቤ ከቤት ቁጥር አንድ ተነስቼ በየደጁ ሄድኩ። ሃምሳ ስምንት ደረሰ። የከተማው ጣቢያ አድርሻቸው፣ ሻንጣቸውን አውርጄ፣ «በርቱ» ብያቸው ዞሬያለሁ። ካትሪዮና አርባ አንደኛዋ ናት።

ሲመሽ እኔ እመለስ ነበር። ባዶ አውቶቡስ ይዤም ቢሆን እመለሳለሁ። መብራቴን ከላራክ አናት ሲያዩ ኤፊ ድስት ይጥዳሉ፤ እንዲያ ይሉኝ ነበር። እኔ እስከተመለስኩ ድረስ መንደሩ አለ ብዬ አስብ ነበር መሰለኝ። ይህ ለግድግዳ አይሆንም። ሰረዝኩት። እዚህ ግን ይቆይ።

ኖቬምበር 16፣ ረቡዕ

ኤፊ በከዘራ፣ በዚያ ጭቃ፣ እኔ ቤት ድረስ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ያን ቀን የባቡሩን የመጨረሻ ጉዞ ስነግርሽ ግማሹን አስቀርቼብሻለሁ። ጻፊ አልልሽም፤ ስሚ ብቻ።»

ሃያ ስምንት ዓመታቸው ነበር። መንደሩ ሁሉ ለመሰናበት ሲሳፈር እሳቸው ሻንጣ ይዘው ተሳፈሩ። ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ይጠብቃቸው ነበር፤ የመርከብ ሜካኒክ፣ ሊጋቡ ነበር። በመጀመሪያው ፌርማታ ወረዱ። ሻንጣቸውን ተሸክመው ሐዲዱን ይዘው ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተመለሱ።

«ለእናቴ ‹መንደሬን መተው አቃተኝ› አልኳት። ሁሉም አመሰገነኝ። ቄሱ በስብከታቸው አነሱኝ። ሐቁን ታውቂያለሽ? ፈራሁ። ማዶ ከእሱ በቀር ማንንም የማላውቅበት፣ ማንም የማያውቀኝ አገር መሆኑን ፈራሁ። ፍርሃቴን የአገር ፍቅር ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ስሙ ደግሞ አማረበት። ይኸው ሃምሳ ስድስት ዓመት ስጠራው።»

«ሰውየውስ?»

«ደብዳቤ ጻፈ። ሌላ አገባ። ምን ያድርግ?» ከዘራቸውን አንስተው ወደ እኔ ቀሰሩት። «ዶሮዎችሽን እኔ እመግባለሁ። ቧንቧሽን ሙርዶ ያየዋል። ከእንግዲህ ምን ምክንያት ቀረሽ?»

አለቀስኩ። በሰው ፊት ማልቀስ አልወድም። እሳቸው ቆመው መስኮቱን ሲያዩ ቆዩልኝ።

ኖቬምበር 18፣ ዓርብ

ሙርዶ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቀኛል። ሻንጣ አንድ። ጋዙን ዘግቻለሁ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ወጣሁ።

ኖቬምበር 19፣ ቅዳሜ

ቶርኪል በሩን ሲከፍት ሽርጥ አድርጎ ነበር። «አርፍደሻል» አለኝ። ከዚያ ፊቴን አይቶ ቀልዱን ተወና አቀፈኝ።

«ዋሸሁህ» አልኩት። «ቤቱ ተይዟል ብዬ።»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር በለኝ።»

«ትንሽ ቆይቼ» አለ። «ገና ተቆጥቻለሁ። ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው ቀጭን፤ የጎረቤት ሳል ይሰማል። መስኮቱ የሆስፒታሉን የመኪና ማቆሚያ ያያል። ሌሊቱን ሙሉ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ይመስለኛል። አልነገርኩትም። ከዚያ ነገርኩት። «እኔንም መኪናው ውስጥ እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አለኝ።

ዲሴምበር 5፣ ሰኞ

አብሬው ወደ እጥበት ልሄድ ካፖርት ስለብስ፣ «ብቻዬን እሄዳለሁ» አለ። መንገዱን አላውቀውም እንዴ፣ ብበረታ ደስ አይልሽም እንዴ፣ አላለም። ብቻዬን እሄዳለሁ ብቻ። ቁጭ አልኩ። ኩርባውን እስኪዞር በመስኮት አየሁት፤ ቀስ ይላል፣ ግን አይቆምም።

አራት ሰዓት ምን ላድርግ? ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋ ስሜን አታውቅም። ዳቦ ገዛሁ። ስሜን ልነግራት ቃጣኝና አፈርኩ።

ዲሴምበር 12፣ ሰኞ

የኪልዶራንን ጽሑፍ ለኮሚቴው ላክሁ፤ ሦስት ገጽ። ኤፊን አስፈቅጄ የባቡሩን የመጨረሻ ቀን እንዳለ ጻፍኩት፤ «ስሜንም ጻፊ፣ አሁን ማን ሊያገባኝ ነው» አሉ። የሃምሳ ስምንቱንም ስም ዘረዘርኩ። የራሴን አላስገባሁም። ምን ብዬ ልጻፈው? ወጥቻለሁ ወይስ እመለሳለሁ?

ቶርኪል ሁለት ኪሎ ጨምሯል፤ ውኃ አይደለም፣ ሥጋ ነው አለች ሲስተር ሾና።

ዲሴምበር 20፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሙርዶ ደወለ። ላራክ ተከፈተ። አንድ ጎን ብቻ፣ በመብራት፣ መኪና በተራ ያልፋል። «መጀመሪያ እኔን ነው ያሳለፉት!» ይላል፤ ከኋላው ጡሩምባ ይሰማል።

ስልኩን ዘግቼ ተነሳሁ። እጄ ራሱ ወደ ሻንጣው ሄዷል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ! ነገ ከእጥበት በኋላ ቀጥታ ቤታችን፤ አልጋችን፤ ገናን በአገራችን። የቶርኪልን ካልሲዎች አጥፌ ሁለቱን ከትቻለሁ። ሦስተኛውን ይዤ ቆምኩ።

እሱ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ የተሰበረ ሰዓት ይጠግናል፤ የጎረቤቱን ነው፣ የሚያስለውን። ቀና ብሎ አላየኝም። ምን እንደማደርግ ግን ያውቃል፤ ትከሻው አውቋል። ሲጠብቅ ነበር።

ካልሲውን አስቀመጥኩና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ላራክ ተከፍቷል» አልኩት።

«ሰማሁ።»

«ቶርኪል፣ ምን ትፈልጋለህ?»

መነጽሩን አወለቀ። አርባ አራት ዓመት ተጋብተናል። እንደዚያ ረጅም ጊዜ ሲያስብ አይቼው አላውቅም፤ ለሻይ የጣድኩት የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ፈልቶ በራሱ ጠፋ።

«ክረምቱን እዚህ» አለ። «ዶክተሯ ከፈቀደች እሁድ እሁድ ሄደን ኤፊን እናያለን። ግን መኖሪያዬ እዚህ ይሁን። በእግሬ ሄጄ በእግሬ መመለስ እፈልጋለሁ።» ከዚያ፣ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

ቤቱን፣ ዶሮዎቹን፣ መንገዱን፣ ሁሉንም አሰብኩ፤ አንዱም መልስ አልሆነልኝም። ደረቴ ላይ ያለው ሰው አልተነሳም። ከመስኮቱ ሥር አንድ አምቡላንስ ተመልሶ ይቆማል።

«አላውቅም» አልኩት። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

«እሺ» አለ። መነጽሩን አደረገ፣ የሰዓቱን ብሎኖች በጋዜጣው ጠርዝ ሰበሰባቸው፣ ጠረጴዛውን አጸዳ። «እስክታውቂው ድረስ ምሳ እንብላ።»